ማኬት ሠሪ ከማን ይማራል?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ አፓርታማ የሚቆመው እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው አይደል? እርስዎ ግን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አቁመውታል።

አንጋፋው፦ ምን ያስቀይመኛል? የተሰጠኝ የወለል ፕላንና የአራቱ ገጽ ሥዕል ነው። የመሬቱን ከፍታ የሚያሳይ ወረቀት አልመጣልኝም። ቢመጣም ደንበኛው የሚከፍለኝ ለሕንጻው እንጂ ለቁልቁለቱ አይደለም።

ወጣቷ፦ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ግን ከመሬቱ ነው የሚጀምሩት። ባቡር ዳገት አይወድም። ሀዲዱ የት እንደሚዞር፣ የት ድልድይ እንደሚያስፈልገው፣ ኮረብታው የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው መሬቱ ነው። የጅቡቲን መስመር ያስቡት፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው። ያንን መስመር በ1፡87 ልሥራ ያለ ሰው ስለ ሎኮሞቲቩ ከማሰቡ በፊት ገደሉንና ሜዳውን ማጥናት ግድ ይለዋል። እኛ ማኬት ሠሪዎች ይህን አንድ ልማድ ብንወስድ ምን ይጎድልብናል?

አንጋፋው፦ ጊዜ ይጎድልብናል። እነሱ የሚሠሩት ለራሳቸው፣ በትርፍ ሰዓታቸው ነው፤ አንድ ጣቢያ ላይ ዓመት ቢፈጁ የሚቆጣቸው የለም። ግን በጊዜ አላመካኝም። ቁልቁለቱን ተቀብዬሻለሁ። ካርቶኑን በከፍታ መስመሩ እየቆረጡ መደራረብ የአንደኛ ዓመት ተማሪም የሚችለው ሥራ ነው፤ ገዢውም የመኪናው መግቢያ በየት በኩል እንደሆነ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ያይበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ከቁልቁለቱ ቀጥሎ የምታመጪው ነው።

ወጣቷ፦ ዝገቱ?

አንጋፋው፦ ዝገቱ፣ ጭቃው፣ የተላጠው ቀለም። የታንክ ሞዴል የሚሠሩት የሚራቀቁበት ነገር ሁሉ። ጥበባቸውን አደንቃለሁ፤ ሰንሰለቱ ላይ የደረቀውን ጭቃና ገና እርጥብ የሆነውን በቀለም ይለዩታል። ግን ትክክለኛነትን ከእነሱ እንማር ስትዪ አልስማማም። 1፡35 የሚባለው ስኬላቸው ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ታሚያ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ፣ ሞተሩና የባትሪ ድንጋዩ ውስጡ እንዲገቡለት ሲል ነው መጠኑ እንዲያ የሆነው። ይህን ያህል የምታከብሪው ስኬል የባትሪ ድንጋይ ልክ ነው።

ወጣቷ፦ አውቃለሁ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሌሎች ፋብሪካዎችም ያንኑ መጠን ተቀበሉት። ዛሬ አንዱ ፋብሪካ የሠራው ወታደር ሌላው በሠራው ካሚዮን ላይ ይሳፈራል፣ ሦስተኛው በሠራው ቤት ደጃፍ ይቆማል። አመጣጡ ድንገተኛ ቢሆንም ስምምነቱ ሀብት ሆናቸው። እኛስ? ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባሉት የሽያጭ ቢሮዎች የሚቀመጠውን ማኬት ያስቡ። አንዱ 1፡100 ነው፣ አንዱ 1፡150፣ አንዱ ደግሞ ስኬሉ አልተጻፈበትም። ጎን ለጎን ቢያቆሟቸው አይገናኙም። ሁላችንም በ1፡200 ብንስማማ፣ በአንድ መንገድ ላይ የታቀዱት ሕንጻዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገጥሙ ነበር። የአንዱ ጥላ የሌላውን መስኮት ሲከድን፣ የሦስቱም ሕንጻ መኪና በአንዲት ቅያስ ልውጣ ሲል በዓይን ይታይ ነበር።

አንጋፋው፦ ያንን ጠረጴዛ ማን ያቆመዋል?

ወጣቷ፦ ሊደታ ያለው የሕንጻ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ባለሙያ ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ክፍለ ከተማውም አለ። አንድ አዳራሽ ነው የሚፈልገው።

አንጋፋው፦ ምኞት ነው፤ ግን የምቃወመው ምኞት አይደለም። እኔ በሕይወቴ የሠራኋቸው ማኬቶች አንድ ላይ ቢቀመጡ ከተማ አይሆኑም፤ ይህ እውነት ነው። አሁን ግን ወደ ዝገቱ ልመልስሽ። ታንኩ ነበረ። ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል፣ ፎቶግራፉ አለ። እኔ የምሠራው ሕንጻ ገና መሠረቱም አልተቆፈረም። ባልቆመ ግድግዳ ላይ የዝናብ መስመር ብስል ያላየሁትን አየሁ ማለቴ ነው። ነጭ ካርቶን የምንጠቀመው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ነጩ ለተመልካቹ፣ «ቀለሙ ገና አልታወቀም፣ ዕቃው ገና አልተመረጠም፣ አሁን ቅርጹን ብቻ እይ» ይለዋል። ከሌላ ዘርፍ የሚመጣ ጌጥ ይህን ሐቀኝነት ያበላሽብኛል።

ወጣቷ፦ ነጩን ተቀበልኩ። እንግዲያው ይህ ዛፍ ምንድን ነው? ከበሩ እስከ አጥሩ ጥግ የደረደሩት የስፖንጅ ዛፍ በስኬሉ ቢሰላ ሁለተኛውን ፎቅ ያልፋል። ያን ያህል ለማደግ ስንት ክረምት ይፈልጋል? ሕንጻው ገና የነገ ነው፣ ዛፉ ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ያለው ነው። ቤቱን ሳያይ ከማኬቱ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ያንን ጥላ ጭምር ነው።

አንጋፋው፦ ዛፍ ይታዘዛል፤ ታዝዤ ነው የምተክለው። ለእሱ መልስ የለኝም። ዝገቱን ግን ገና አልመለስሽልኝም።

ወጣቷ፦ ዝገቱን አዲሱ ሕንጻ ላይ አላልኩም። ከግራና ከቀኙ ያሉት ቤቶች ላይ ነው። እነሱ እንደ ታንኩ የነበሩ፣ አሁንም ያሉ ናቸው፤ እርስዎ ግን ግራጫ ሣጥን አድርገዋቸዋል። የባቡር ሞዴል ሠሪ የጣቢያውን መጋዘን ሲሠራ መጀመሪያ ጣሪያውን ያነባል። ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ አይዝግም። ከምስማሩ ቀዳዳ ይጀምራል፣ ሁለት ቆርቆሮ ከሚደራረብበት ጠርዝ ይቀጥላል፣ ከዚያ ውሃው በሚወርድበት መስመር ይወርዳል። መሃል ላይ አምና የተቀየረች አንዲት ቆርቆሮ ታበራለች። ነፋስ እንዳያነሣው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ተጭኖበታል። ከማድ ቤቱ በላይ ያለውን ጭስ አጥቁሮታል። ይህን ሁሉ ኮልፌ ውስጥ ከአንድ ፎቅ ሰገነት ላይ ቆመው ማየት ይችላሉ። ይህን የሚያህል ዕውቀት ያለው ሙያ አጠገባችን እያለ ግራጫ ሣጥን ለምን?

አንጋፋው፦ አሁን ዋናው ላይ ደረስሽ። አስቢው፤ መሃል ላይ ነጭ አዲስ ሕንጻ፣ ዙሪያውን ዝገት። ያንን ማኬት ያየ ሰው አፉን ሳይከፍት «ይፍረስ» ብሏል። በጥበብ የተሳለ ዝገት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይላል። ግራጫው ሣጥን ቢያንስ ጎረቤቱን አይከስም።

ወጣቷ፦ አይመሰክርለትምም።

አንጋፋው፦ ካልመሰከረለት ይሻላል፣ ሊያስፈርድበት ከሆነ።

ወጣቷ፦ ከባድ ነገር ነው የተናገሩት፤ በቀላሉ አላልፈውም። ዝገቱን ብቻ ብሠራ እንዳሉት ይሆናል። ግን ዝገቱን ያነበበ ሰው ጥገናውንም ያነባል። የተቀየረችውን ቆርቆሮ፣ ውሃ የሚጠራቀምበትን በርሜል፣ ወደ መንገዱ የተከፈተችውን የሱቅ መስኮት፣ በግቢው ያለችውን የጌሾ ተክል። እነዚህ ሁሉ ከገቡ ማኬቱ የሚያሳየው ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ግራጫ ሣጥን ግን ከጠረጴዛው ላይ በሁለት ጣት ተነሥቶ ቢሄድ ማንም ልብ አይለውም።

አንጋፋው፦ አንቺ ሣጥኑን ለሳምንት ታይዋለሽ፤ ኃላፊው ለሁለት ደቂቃ ነው የሚያየው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጌሾ የሚያይ ዓይን የለም። ደግሞም ሁሉን የያዘ ሞዴል የለም፤ አይኖርምም። የሞዴል ሠሪ ጥበብ የሚተወውን ማወቅ ነው። ከሌላ ዘርፍ ተማር ካልሽኝ እኔ የምማረው የሽቦ መኪና ከሚሠሩት የሰፈራችን ልጆች ነው። መኪናቸው በር የለው፣ ሞተር የለው፣ ወንበር የለው። ጎማው የጫማ ሶል ነው። መሪው ግን ይሠራል! ልጁ ቆሞ ረጅሙን ሽቦ እያዞረ ሲነዳት የፊት ጎማዎቹ ይታጠፋሉ። ለልጁ መኪና ማለት የሚታጠፍ ነገር ነው፤ ያንን ያዘ፣ ሌላውን ጣለ። ታንኩ ላይ ሺህ ዝርዝር አለ፤ ሽቦዋ ላይ አንድ አለ። እኔ ሽቦዋን እመርጣለሁ።

ወጣቷ፦ ልጁ የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ራሱ ስለሚነዳው ነው። የማንነዳውን ስንሠራ ግን የቱ ጌጥ፣ የቱ ጉዳይ እንደሆነ በምን እናውቃለን? የቶር ሄየርዳልን ጀልባ ልንገርዎ። ኖርዌያዊው ሰውዬ የጥንት ግብጾች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችውን አሠራ። ደንገሉ የተቆረጠው ከእኛው ጣና ነው። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ መጡ። መልኩ የተወሰደው ግብጾች ከተዉት ሥዕልና ሞዴል ነው። በዚያ ሥዕል ላይ ወደ ውስጥ ከተቆለመመው የኋላ ጫፏ እስከ ወለሏ የተወጠረች አንዲት ገመድ ነበረች። ቁልምሙን ለማስያዝ ብቻ የገባች መሰለቻቸው፤ ተዉአት። ከሞሮኮ ተነሥተው ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄዱ በኋላ የኋላዋ ክፍል እየሰጠመ፣ ጀልባዋ እየተፈታች መጣችና ባርባዶስ ሳይደርሱ ትተዋት ወጡ። ለካ ያቺ ገመድ ኋላዋን እንደ ስፕሪንግ ወደ ላይ የምትይዝ ኖራለች። በቀጣዩ ዓመት «ራ 2» ገመዷን ይዛ ተሠራች፤ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ጋሼ፣ ግራጫ ሣጥኖቹ ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ገመድ ጥለን ይሆን?

አንጋፋው፦ ታሪኩ ግሩም ነው። ግን ለማን እንደሚመሰክር ልብ በይ። ገመዷን ሥዕሉ ላይ ያኖራት ግብጻዊ ጀልባ የሚያውቅ፣ ወይም ጀልባ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ያለ ነው። የጣላት ሥዕል አይቶ የሠራ ነው። ታዲያ ከሌላ ዘርፍ ሥራ ላይ መልክ መቅዳት ያተረፈው ያንን ነው። የሚያድነው የራስን ሙያ ጠልቆ ማወቅ ነው እንጂ ከጎረቤት ሙያ መቃረም አይደለም።

ወጣቷ፦ አክሱም ላይ ግን ተቃራኒው ሆኗል። ሐውልቶቹን የጠረበው የድንጋይ ሰው ነው። የጠረበው ነገር ግን የአናጢ ሥራ ነው፤ ፎቁን፣ መስኮቱን፣ ከግድግዳው አልፈው የሚወጡትን የእንጨት ጫፎች ሳይቀር በድንጋይ አወጣቸው። ለድንጋዩ አያስፈልጉትም፤ ድንጋይ ወራጅ አይፈልግም። ዘመን አልፎ የአክሱም ቤተ መንግሥቶች ፈርሰው መሠረታቸው ብቻ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1906 የጀርመን ጥናት ቡድን ሲመጣ፣ የላይኛው ፎቅ ምን ይመስል እንደነበር ለመሳል ሐውልቶቹን ምስክር አደረገ። የእንጨቱ ጫፍ «አያስፈልግም» ተብሎ ቢተው ኖሮ ያ ዕውቀት አይገኝም ነበር። ሠሪው ለምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ ያኖረው ዝርዝር ለኋለኛው ሰው ጠቀመ። የሰፈሩን ጣሪያ ልሥራ የምለውም ለዚህ ነው።

አንጋፋው፦ አክሱምን ካነሣሽ እኔም ላንሣ። ሐውልቱ በር አለው፤ የበሩ መቆለፊያ ሳይቀር ተቀርጿል። የሚገባበት ግን የለም፣ ልግባ ያለም የለም። ስለዚህ ማንንም አላታለለም። የእኔን ማኬት የሚያይ ሰው ግን ገንዘቡን ከፍሎ ሊገባ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። ታንኩም፣ ባቡሩም፣ ሐውልቱም የሚታዩ ናቸው፤ የእኔ ሰው የሚኖርበት ነው። ሌላም ልጨምርልሽ። ማኬት ስለ ጥንካሬ አንዳች አይናገርም። በ1፡100 ሲሠራ ክብደቱ በሚሊዮን እጥፍ ያንሳል፣ የዓምዱ ቁርጥ ገጽ ስፋት ግን በ10,000 እጥፍ ብቻ። ትንሽ ነገር ሁሉ ይቆማል። ጋሊሊዮ ይህን እ.ኤ.አ. በ1638 ጽፎታል። ይህን የሚያህል ነገር መደበቅ ግድ የሆነበት ዕቃ ላይ ጌጥ መጨመር ያስፈራኛል።

ወጣቷ፦ አርክቴክቱ ጋውዲ ይህንኑ ችግር ገልብጦ ፈትቶታል። ባርሴሎና አጠገብ ለታቀደች ቤተ ክርስቲያን በ1፡10 ክር ሰቅሎ፣ በክሩ ላይ ትናንሽ የእርሳስ ጥይት ከረጢቶች አንጠለጠለ። የተንጠለጠለው ክር የሚይዘው ቅርጽ ሲገለበጥ የሚቆመው ቅስት ቅርጽ ነው፤ ይህ ደግሞ በመጠን ማነስ አይለወጥም። ለእይታ የማያምር ሞዴል ነው፤ ጥያቄ ግን ይመልሳል። ግን እርስዎ ሰው ይገባበታል ስላሉ፣ ሰው የሚገባበትን ሞዴል እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ላሳይዎ። ዘነበወርቅ፣ አለርት።

አንጋፋው፦ ሆስፒታሉ?

ወጣቷ፦ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው። እንዲህ ባለ ቦታ ያለ የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያ የሚሠራውን ያስቡ። የተቆረጠውን እግር በጄሶ ፋሻ ይጠቀልላል፤ ሲደርቅ አውልቆ ውስጡን በጄሶ ይሞላዋል። ትክክለኛ ቅጂ አገኘ፣ በ1፡1። እኛ ብንሆን እዚህ ላይ እንጨርሳለን። እሱ ግን ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው። አጥንት ከቆዳ ሥር በቀረበበት ቦታ ጄሶ ይጨምራል፤ ሥጋው ክብደት መሸከም በሚችልበት ቦታ ይፍቃል። ቅጂውን ሆን ብሎ ከእውነቱ ያርቀዋል፤ እግሩን መስሎ የተሠራ ማቀፊያ እግሩን ያቆስላልና። የሥጋ ደዌ ታማሚ ደግሞ ነርቩ ስለተጎዳ ጫማው ሲያቆስለው አይሰማውም፣ «አመመኝ» ብሎ አያመለክትም። ባለሙያው የሚያመውን ቦታ በእሱ ፈንታ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ፕላን ማንበብ የማይችል ቤት ገዢም እንደዚያው ነው። የደረጃው ጥበት፣ የመኝታ ቤቱ ጨለማ፣ የቁልቁለቱ ጎርፍ ከማኬቱ ላይ አይሰማውም።

አንጋፋው፦ ይህኛው ምሳሌ ከታንኩም ከባቡሩም ይበልጥብኛል። ግን እሱንም ልፈትነው። ያ ባለሙያ ታማሚውን መልሶ ያያል። ሰውየው ለብሶት ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ቆዳው የት እንደቀላ ይታያል፣ ጄሶው እንደገና ይፋቃል። ስህተቱ ራሱ ያስተምረዋል። እኔን ማን ያስተምረኛል? ሕንጻው ሲያልቅ ማኬቱ አንድ ጥግ አቧራ ይለብሳል፤ አንድም ሰው ጠርቶኝ «ይህ መስኮት ሠርተህ ባሳየኸው ልክ ብርሃን አያስገባም» ያለኝ የለም። የጎደለኝ የቀለም ጥበብ አይደለም፤ ተመልሶ የሚመጣ ታማሚ ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ከእነሱ የምንዋሰው እሱን ነው። ሕንጻው አልቆ ሰው ከገባበት በኋላ ማኬቱን ይዞ መሄድ። አንዲት ነዋሪ አጠገቡ አቁሞ የቱ ጋ እንደሳትን መጠየቅ።

አንጋፋው፦ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ሰው የለም። ቢደረግ ደስ ይለኛል። ያም ሆኖ ዛሬ ለሚገዛው ሰው አይደርስለትም። የዛሬው ገዢ ማኬቱ ላይ የታወቀው የቱ እንደሆነ፣ የተገመተው የቱ እንደሆነ መለየት አይችልም፤ ሁሉም በአንድ እጅ፣ በአንድ ኮላ ነው የተሠራው። ከሌሎቹ ሙያዎች አንዱ ለዚህ መፍትሔ ካለው እሱን አምጪልኝ፤ ነገ ጠዋት እሠራበታለሁ።

ወጣቷ፦ አጽም የሚያቆሙት አላቸው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ ከአጽሟ ወደ 40 በመቶው ነው የተገኘው። መልሰው ሙሉ አድርገው ባቆሟት ሞዴሎች ላይ የተገኘው አጥንት በአንድ ቀለም፣ በግምት የተሞላው በሌላ ቀለም ይሠራል። ልጅም ቢሆን ያየዋል። ግምቱን አልደበቁትም፣ ግምት ስለሆነም አልተዉትም። በጸደቀው ፕላንና በውሉ ላይ ያለውን ሁሉ በነጭዎ ይሥሩት፤ የሌለውን ግን በሌላ አንድ ቀለም። ከማኬቱ ግርጌ አንድ መስመር ጽሑፍ ይበቃል።

አንጋፋው፦ ዛፉ እንግዲህ...

ወጣቷ፦ ፕላኑ ላይ አለ?

አንጋፋው፦ «አረንጓዴ ቦታ» ይላል። ዛፍ አይልም።

ወጣቷ፦ ግምት ነው።

አንጋፋው፦ የልጆች መጫወቻውም በቃል የተነገረኝ ነው፤ ግምት ይሁን። ሊፍቱ አለ። የመኪናው መግቢያ አለ። የጄኔሬተር ቤት የለም። እሺ፣ ይህን ልሠራው እችላለሁ፤ ደንበኛው ቢያኮርፍም የማስረዳበት ነገር አለኝ። ግን ጎረቤቶቹን፣ ያንቺን ባለ ጌሾ ቤቶች፣ በየትኛው ቀለም ታስገቢያቸዋለሽ?

ወጣቷ፦ በታወቀው ነዋ። ቆመው እያየናቸው እንዴት ግምት ይሆናሉ?

አንጋፋው፦ ማኬቱ የሚያሳየው ሕንጻው ያለቀበትን ቀን ነው። ያን ቀንም ቆመው ይገኛሉ ብለሽ ትፈርሚያለሽ?

ወጣቷ፦ አይገኙም ብለውስ እርስዎ ይፈርማሉ?